ሳቢና ቼሳንግ እና የዓርብ ወረቀት

ሳቢና ቼሳንግ ኬንያ ውስጥ በባሪንጎ ሐይቅ ዳር በነበረው በቅድስት ሞኒካ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሃይማኖት ትምህርትና ታሪክ ታስተምር ነበር። እኔ የዚያው ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ፤ ማባዣ ማሽኑም በእኔ እጅ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በእጇ የጻፈችውን ታመጣልኛለች፣ እኔ እተይበዋለሁ፣ ዓርብ ጠዋት ተባዝቶ ይወጣል። አንድ ወረቀት ብቻ ነው። በፊት ገጹ የእሑዱ ወንጌል አስተንትኖ፣ በጀርባው የሳምንቱ ዜና። የራሱ ስም ነበረው፤ ግን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ልጆቹም ወላጆቹም «ዓርብ» ነበር የሚሉት። «ዓርብ ደረሰሽ?» ይባባላሉ።

እኔ ካቶሊክ አይደለሁም። ሳቢና ይህን ስለምታውቅ ስለ እመቤታችን በጻፈች ቁጥር፣ «ቼቦን፣ ይቺን ዝም ብለህ ተይባት፣ ክርክር አልፈልግም» ትለኛለች። እኔም አልከራከርም ነበር፣ ምክንያቱም ጽሑፏ ስብከት አይመስልም። ስለ ጠፋችው በግ ስትጽፍ፣ በዚያ ሳምንት ግልገል ስለጠፋባት ስለ ወጥ ቤት ሠራተኛችን ነበር የምታወራው። ዜናውም እንደዚያው ነው፦ ማን ወለደች፣ የማን አባት አረፈ፣ የትኛዋ ልጅ በኬሚስትሪ ከወደቀችበት ተነሳች፣ ካባርኔት ድረስ ሄደን በመረብ ኳስ እንዴት ተሸንፈን መጣን። ናይሮቢ የገቡ የድሮ ተማሪዎች እንኳ በስልክ ፎቶ አንስተን እንድንልክላቸው ይነዘንዙን ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት፤ ስትራመድ ሰው ኋላዋ ይሮጣል። ባሏ ታርኮክ ጀልባ ነጂ ነበር፤ ሳንባውን ታሞ በአርባ ስድስት ዓመቱ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። በራሳቸው መሬት ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ የሰሜን አጥር አለፍ ብሎ ካለው ግራር ሥር ተቀበረ። እሷም እዚያው ቤታቸው ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ጠዋት ወደ ሥራ ስትመጣ መቃብሩን አልፋ ነው የምትመጣው።

ከዚያ ውሃው መጣ። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም፤ ሐይቁ ድሮም ይመጣል፣ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ሁለት ዝናብ ጠብቁ አሉን። ሁለት ዝናብ ጠበቅን። ሦስተኛው ሲመጣ የመረብ ኳስ ሜዳው ላይ ወፎች ዓሣ ያጠምዱ ጀመር። ያን ሳምንት ሳቢና ስለ ኖኅ ጻፈች፤ እግዚአብሔር ዳግመኛ ምድርን በውሃ ላያጠፋ ስለ ገባው ቃል። በጀርባው ደግሞ የመረብ ኳስ ጨዋታው ወደ ወጥ ቤቱ ጓሮ መዛወሩን ጻፈች። ልጆቹ እያነበቡ ሳቁ። እሷም ሳቀች።

ችግሩ ወሬው ነበር። በተራራው ላይ ያሉ ወላጆች ትምህርት ቤቱ ሰጠመ የሚል ወሬ ይሰማሉ፣ አባቶች ሻንጣ ሊሸከሙ ይመጣሉ። ሳቢና ወሬውን በቁጥር እንዝጋው አለች። ውሃው በየሳምንቱ ስንት እርምጃ እንደ ቀረበ ተለክቶ ዓርብ ላይ ይውጣ። ለኪው ደግሞ ዘበኛችን ሌካቹማ ሆነ።

ሌካቹማ የኢል ቻሙስ ጎሣ ሰው ነው፤ አጭር፣ ቀይ ብርድ ልብስ የማይለየው፣ ቀልደኛ። ሴት ልጁ ፊሎሜና ሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን ነበረች፤ በሳቢና ትምህርት ከክፍሏ አንደኛ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ውሃው የደረሰበት ቦታ ላይ ችካል ይተክላል፣ ካለፈው ሳምንት ችካል ጀምሮ በእርምጃ ይቆጥራል፣ ከዚያ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ለሳቢና ይነግራታል።

«ማማ፣ ዘጠኝ እርምጃ።»

«ባንተ እርምጃ ነው በእኔ?»

«በእኔ ነው እንጂ። በአንቺ እግር ከለካነውማ ሐይቁ ተበደልኩ ብሎ ይከሰናል።»

እሷም ትጽፈዋለች። ሰውየው ሥራውን ወደደው። ማንበብ አይችልም፤ ዓርብ ሲወጣ ግን አንድ ቅጂ ይወስድና ቁጥሩ ያለበትን መስመር ልጁ በጣቷ እንድታሳየው ያደርጋል። የእሱ ቁጥር ታትሞ ካባርኔት መድረሱ ትልቅ ነገር ሆነለት።

በግንቦት ውሃው ወደ ሰሜኑ አጥር ዞረ። ያኔ ሳቢና ሌካቹማን ሌላ ነገር ትጠይቀው ጀመር። ዓርብ ላይ አይወጣም፣ ለራሷ ነው። «ከታርኮክ ስንት ቀረው?» ትለዋለች። ሰባ ቀረው። አምሳ ሁለት ቀረው። የባሏን ወንድሞች ለምና ነበር፤ አጽሙን አውጥተን ወደ ላይ እንውሰደው ብላ። የተቀበረ ሰው ከተነካ ልጆቻችን ላይ በሽታ ይመጣል ብለው እምቢ አሉ። የደብሩን ቄስ ጠየቀች፤ አዲሱን ቦታ እባርክልሻለሁ፣ ከቤተሰቡ ጋር ግን አልጣላም አሏት። በዚህ መካከል ቤቷ ውሃ ገባው፤ ዕቃዋን ሰብስባ ከመምህራኑ መኖሪያ አንዲት ክፍል ተሰጣት።

አንድ ሐሙስ ሌካቹማ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ሳይቀልድ፣ «ዛሬ ቁጥር የለም ማማ። ገብቷል» አላት።

ሳቢና ወንበሬ ላይ ቁጭ አለች። ብዙ አልቆየችም። ተነሥታ ወጣችና ከአንድ ሰዓት በኋላ አስተንትኖዋን ይዛ ተመለሰች። ስለ ሙታን ነበር፤ ምድር ውስጥም ይሁኑ ውሃ ውስጥ ከአምላካቸው እጅ እንዳልወጡ። ከጻፈችው ሁሉ ያማረ ነበር። እየተየብኩ ሳለ ዓይኔ እንባ አቅርሮ አየችኝና፣ «እኔ አላምንበትም፣ ቼቦን» አለችኝ። «ልጆቹ ግን የሚያነቡት ነገር ያስፈልጋቸዋል።»

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ፈጠነ። የአንደኛ ዓመት መኝታ ቤት ውሃ ገባው፤ ሠላሳ ልጆች ቤተ መጻሕፍት ወለል ላይ ተኙ። መጸዳጃው ሞልቶ ፈሰሰ። ጉማሬ ወጥ ቤቱ ጓሮ ድረስ እየመጣ ጎመኑን ጋጠ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሁላችን እያየን፣ የትምህርት ቤቱን ውሻ አዞ ወሰደው። በየሳምንቱ ልጆች ይቀንሳሉ። ሳቢና የሄዱትን ልጆች ስም በጀርባው ላይ ትጽፍና በሰላም ድረሱ ትላቸዋለች፤ ዝርዝሩ ረዝሞ ለሌላው ዜና ቦታ እስኪጠፋ ድረስ።

ርዕሰ መምህሯ ሲስተር ኤሜልዳ ከማቻኮስ አካባቢ የመጡ መነኩሲት ነበሩ፤ ደግ፣ ሥራቸውን አጥብቀው የሚይዙ ሴት። መምህራኑን ሰብስበው የእርምጃው ቁጥር ከዓርብ ላይ ይቅር አሉ። ሰው ያስፈራል፣ ወላጅ በልቶ እንዳይተኛ ያደርጋል አሉ። ሳቢና ተከራከረች፤ ቁጥሩን ያስጀመርነው ሰው እንዳይፈራ ነው አለች። ሲስተር ያን ጊዜ ውሃው ሩቅ ነበር ብለው መለሱላት። ነገሩ በዚያው አለቀና ቁጥሩ መታተሙ ቀረ።

ሌካቹማ ግን መለካቱን አልተወም፣ ምክንያቱም ሳቢና አትተው አለችው። እኔ ባለሁበት ነው የነገረችው። «ባይታተምም ለራሴ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋትም። አሁን ሳስበው ቁጥሩ ምንም አይረባትም ነበር፤ ባሏ ሰጥሟል፣ ቤቷ ሰጥሟል። ምናልባት ሊቆጠር የሚችል የቀረላት ነገር እሱ ብቻ ይሆናል።

የመስከረም ሁለተኛው ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሌካቹማ ያለፈውን ሳምንት ችካል ፍለጋ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ውሃው በሸምበቆ ተሸፍኖ ስለነበር የቀደመውን ችካል ከደረቅ መሬት ማየት አይቻልም። አዞ ሲወስደው ያዩት ልብስ ያጥቡ የነበሩ ልጆች ናቸው። እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ቀዩ ብርድ ልብስ ሸምበቆው ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ሰውየው የለም። ፊሎሜናን ሁለት ልጆች ይዘዋት መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። አታለቅስም። ወደ ውሃው ብቻ ታያለች። በማግሥቱ ጀልባ ነጂዎች የተረፈውን አካሉን አገኙና ዘመዶቹ ኮረብታው ላይ ቀበሩት።

ለዚያ ሳምንት የሚሆነውን ወረቀት ሳቢና ያመጣችው እንደ ሁልጊዜው ሐሙስ ሳይሆን ዓርብ ጠዋት ነው። አስተንትኖ የለውም። የፊት ገጹ ላይ ስለ ሌካቹማ ጽፋለች፤ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ እንዴት እንደሚቀልድ። መጨረሻው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ ውሃውን እንዲለካ የላክሁት እኔ ነኝ፣ የላክሁትም ለትምህርት ቤቱ ሳይሆን ለራሴ ነው።

ተየብኩት። ከማባዛቴ በፊት ለሲስተር ማሳየት ደንብ ነበርና ወሰድኩላቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«የመጨረሻዋን አውጣት» አሉኝ።

«ሲስተር፣ የሳቢና ቃል እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ዘመዶቹ ይህን ቢያነቡ ምን የሚያደርጓት ይመስልሃል? በዚያ ላይ እኔ ቁጥሩ ይቅር ብዬ ነበር። ትምህርት ቤቱ በአንድ እግሩ ነው የቆመው። አውጣት።»

አወጣኋት። አንዲት ቁልፍ ተጭኜ ነው ያጠፋኋት። በቦታዋ ዘበኛችን በሥራ ላይ ሳሉ አረፉ የሚል ጻፍኩ፤ ይህንንም ሲስተር ናቸው ያሉኝ። ከዚያ ሦስት መቶ ቅጂ አባዛሁ።

ሳቢና ረፋድ ላይ መጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ቼቦን፣ አንዲት መስመር ጎድላለች።»

«ሲስተር ናቸው ያዘዙኝ።»

«ጣቱስ የማን ነው?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቅዳሜ ወደ ሟቹ ቤት እንደምትሄድ ነገረችኝ። አብሬሽ ልሂድ አልኳት። እንደፈለግህ አለችኝ።

የሌካቹማ ሚስት ናሲዬኩ ትባላለች። ከቤቷ ፊት ለፊት ቁርበት ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን ተላጭታ፣ የአንገት ጌጧን አውልቃ አገኘናት። በዙሪያዋ ሴቶች ነበሩ፤ ስንደርስ አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ። ፊሎሜና በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ሳቢና መሬት ላይ ተቀመጠችና ያጠፋሁትን ዐረፍተ ነገር በስዋሂሊ፣ በቃሏ ተናገረችው፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ይቅር በይኝ የሚል አልነበረበትም። ናሲዬኩ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ይህን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው?» አለች። «አውቀው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሲነሣ ‹ዛሬ የቲቸሯ ቀን ነው› ይለኛል። ሸሚዙን እንኳ ሐሙስ ሐሙስ ነበር የሚቀይረው። ቁጥሩ ከወረቀቱ ላይ ወጣ አሉት፤ እሱ ግን ‹ለእሷ ነው፣ ብቻዋን ናት› አለኝ።»

ሳቢና ጭንቅላቷን አቀርቅራ ነበር።

«ልጄን አደራ ልልሽ አስቤ ነበር» አለች ናሲዬኩ። «አሁን ግን ከአንቺ እጅ የምፈልገው ነገር የለም። ተመልሰሽም አትምጪ። ሻይ ስላላፈላሁላችሁ አትቀየሙኝ፣ ወተት የለም።»

ወጣን።

በዚያ ወር መጨረሻ ሀገረ ስብከቱ ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ ወሰነ። የሚቻላቸው ልጆች ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። የመጨረሻው ዓርብ አስተንትኖ የሲስተር ኤሜልዳ ነበር፤ ሳቢና አልጽፍም ስላለች። ስለ ተስፋ ጻፉ። ጥሩ ነበር፤ የትም ቦታ፣ ለማንም ሰው ሊጻፍ የሚችል ዓይነት። ሳቢና ጀርባውን ብቻ ወሰደች። እዚያ ላይ የመቶ ሰባ ሁለቱን ልጆች ስምና የት እንደሄዱ በትናንሽ ፊደል አሰለፈች። ከሠላሳ አንዱ ስም አጠገብ የት እንዳለች አልታወቀም ይላል። ፊሎሜና ሌካቹማ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ከአባቷ ቀብር በኋላ አልተመለሰችም።

ሲስተር ወደ ማቻኮስ ተመለሱ። እኔ ማሪጋት ከተማ ውስጥ አንድ እህልና ስኳር የሚቸረችር መጋዘን ሥራ አገኘሁ። ሳቢና ጡረታዋን ቀደም አድርጋ ወጣችና እዚያው ማሪጋት የቆርቆሮ ክፍል ተከራየች። ያን ወረቀት ይዛ ሠላሳ አንዱን ትፈልግ ጀመር። አንድ ሳምንት በማታቱ ሚኒባስ፣ አንድ ሳምንት በሞተር ብስክሌት፣ ሌላ ጊዜ በእግሯ። ዘጠኙን አገኘች። ሦስቱ ናኩሩ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆነዋል፤ አንዷ ታማ ሞታለች፤ የቀሩት ተድረዋል። ትምህርት ቤት የመለሰቻት አንዲትም የለችም። ስታገኛቸው መጥታ ትነግረኛለች፣ እኔ እሰማለሁ።

ከዘጠኙ የመጨረሻዋን፣ ፊሎሜናን፣ ያገኘናት ፍለጋው በተጀመረ በአሥረኛው ወር ነው። ከሐይቁ ወዲያ፣ በሙኩታኒ በኩል ተድራለች ተባለና ሳቢናን በሞተሬ ወሰድኳት። ግማሽ ቀን ሄድን። ልጅቱ የቧንቧ ውሃ መቅጃ ጋ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ተራ ትጠብቅ ነበር። ሆዷ ገፍቷል። ሳቢናን ስታይ ልክ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው ቀጥ ብላ ቆመች።

«ደህና ነዎት ቲቸር?»

ሳቢና እጇን ያዘቻትና ወደ ጥላው ወሰደቻት። ካባርኔት ያሉ መነኮሳት ሊቀበሏት እንደተስማሙ፣ ከወለደች በኋላም ቢሆን መምጣት እንደምትችል፣ ልጁን የሚይዝላት ሰው እንደተገኘ ነገረቻት። ይህን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም። ፊሎሜና በአክብሮት አዳመጠቻት።

«የጥሎሽ ከብቶቹን አጎቶቼ ተከፋፍለዋቸዋል» አለች። «እኔ ብወጣ እናቴን ነው አምጪ የሚሏት። ከየት ታመጣለች?»

«እኔ እነጋገራቸዋለሁ።»

«ቲቸር፣ እባክዎ አያነጋግሯቸው።» ወደ ተራው ዞር ብላ አየችና፣ «የመጨረሻው ዓርብ ላይ ስሜ አለ አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«አለ።»

«ምን ይላል?»

«የት እንዳለች አልታወቀም ይላል።»

«እንደዚያው ይቆይ» አለች ፊሎሜና። ከዚያ ተራዋ ደርሶ ስለተጠራች ሄደች። ጀሪካኑ ሲሞላ ሳቢና ልታግዛት ተነሣች፤ ልጅቱ ግን ጎንበስ ብላ በራሷ አነሣችውና ዞር ሳትል በመንገዱ ወረደች።

ሳቢና ከዚያ ወዲህ የቀሩትን ሃያ ሁለቱን አልፈለገችም። ወረቀቱን የት እንዳደረገችው አላውቅም። ሐይቁ ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ትምህርት ቤቱ ከነበረበት ቦታ የሚታየው የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ብቻ ነው፣ እሱም በበጋ። የማሪጋት ደብር ቄስ ለምእመናኑ እንደ ድሮው ዓርብ ዓይነት ወረቀት እንድታዘጋጅ ሰው ልከውባት ነበር፤ እጄን ያመኛል ብላ መለሰችላቸው። እጇን አያማትም።

እሑድ እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ሚስቴ እዚያ ስለምትቆርብ ታያታለች። ከኋላ ትቀመጣለች፤ ሌላው ለመቁረብ ሲሰለፍ እሷ ጉልበቷ ላይ እጇን አድርጋ ቁጭ እንዳለች ትቀራለች። አንድ ቀን ስኳር ልትገዛ መጥታ ሳለ ለምን እንደማትቆርብ ጠየቅኳት። ያጠፋሁትን ዐረፍተ ነገርም በዚያው ላነሣው ፈልጌ ነበር፤ ይቅርታ ሳልጠይቃት ስንት ጊዜ አልፏል።

«እዚያ ስደርስ ቄሱ ‹የክርስቶስ ሥጋ› ሲሉኝ አሜን ማለት አለብኝ» አለችኝ። «አፌ አይልልኝም።»

ከኋላዋ ሰዎች ቆመው ነበር። ስኳሯን ጠቅልዬ ሰጠኋት፣ አመሰገነችኝና ወጣች። የራሴን ነገር ያን ቀንም አልነገርኳት፤ አሁንም አልነገርኳትም።